ማጭድ ያሳጠረው አረም

በልግ በከዳበት ዓመት ሰዒዳ ከኮምቦልቻ ድርቆሽ ገዝታ በአይሱዙ ወደ ኩታበር ላከች። ሰዒዳ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ናት፤ ኩታበር የሚያርሰው ታላቅ ወንድሟ ሙሄዲን እንደ አባት ሆኖ ነው ያሳደጋት። ላሞቹ አጥንታቸው ወጥቶ ነበርና ጭነቱ ሲራገፍ ሚስቱ መዲና በስልክ ደውላ፣ "አላህ ጀነት ያግባሽ!" ብላ መረቀቻት።

ድርቆሹ ከመንገድ ዳር የታጨደ ነበር። ነጫጭ ጥቃቅን አበባ ያለው ቅንጬ አረም እንደተቀላቀለበት ሰዒዳ ሲጫን አይታለች። ኮምቦልቻ ውስጥ ይህን አረም የማያውቅ የለም፤ የነካውን ሰው ቆዳ ያሳክካል፣ የበላችውን ላም ወተት ያመርራል። ግን ሾፌሩ ቸኩሏል፣ ላሞቹም እየሞቱ ነው። "ደጋ ነው፣ ብርዱ ይገድለዋል" ብላ ዝም አለች።

እውነትም መጀመሪያ የበቀለውን ውርጭ አቃጠለው። ከካቡ ሥር የተጠለሉ ጥቂቶች ግን ተርፈው ዘር ጣሉ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ለአረፋ ስትሄድ የግጦሹ ዳር ነጭ ለብሶ ጠበቃት።

"ይሄን ደግሞ የትኛው ጎርፍ አመጣብን?" አለ ሙሄዲን።

"ጎርፍ አይደለም፣ አያ። በድርቆሹ ነው የመጣው። ሲጫን አይቼዋለሁ።"

ሙሄዲን ግን፣ "ላሞቹን ያተረፍሽው አንቺ ነሽ። ሁለተኛ እንዳታነሺው" አላት።

ይቅርታው አልቀለላትም፤ ቢቆጣት ይሻላት ነበር። ከዚያ ወዲህ ፈቃድ ባገኘች ቁጥር ማጭድ ይዛ ወደ ኩታበር ትወጣለች። አረሙ ገና ቀና ሲል፣ ሳያብብ፣ ታጭደዋለች። ታችኛው ግጦሽ የጎረቤታቸው የበሺር ነው፤ እሱንም ታጭድለታለች። በሺር ለሰዋብ፣ ከአላህ ምንዳ ለማግኘት ብላ የምትለፋ መስሎት ባያት ቁጥር ያመሰግናታል። እሷም አንገቷን ትደፋለች።

ዓመታት አለፉ። ከሩቅ ሲያዩት ግጦሹ የጸዳ ይመስላል፤ የመዲና ላሞች ወተት ግን መምረር ጀመረ፣ የሙሄዲንም እጅ እየተሰነጠቀ ይደማል። ሰዒዳ ጎንበስ ብላ ፈለገች። አረሙ አልጠፋም። ቅጠሉን እንደ ሰሐን መሬት ላይ ለጥፎ፣ መሐል ላይ ከጣት የማይረዝም አበባ አውጥቷል። ማጭዱ በላዩ ሲያልፍ ነው የከረመው።

ሌላ ዓይነት አረም መስሏት ነቅላ ለግብርና ባለሙያዋ ለረውዳ ወሰደችላት። ረውዳ የዚህንና የኮምቦልቻውን ዘር በሁለት ጣሳ፣ በአንድ ዓይነት አፈር ዘራች። ሰዒዳ ተመልሳ ስትመጣ የኮምቦልቻው ቀጥ ብሎ ቆሟል። የኩታበሩ ግን ማንም ሳይነካው መሬት ላይ ተለጥፎ አብቧል።

"ያው ቅንጬ ነው፤ ልዩነቱ ዘሩ ውስጥ ገብቷል" አለች ረውዳ። "ረጅም ረጅሙን ማጭድ ሲወስደው፣ ዘር የሚጥለው አጭሩ ብቻ ሆነ። አጭር አጭርን ሲወልድ ይኸው እዚህ ደረሰ።"

"ማጭዱ እኮ የኔ ነው" አለች ሰዒዳ። "አመጣሁት፤ ደግሞ አስተማርኩት።"

"አስበሽ ያደረግሽው አይደለም። አሁን ከነሥሩ ይነቀል፤ ዝናብ አፈሩን ሲያለሰልሰው፣ በጓንት። ጎረቤት አብሮ ካልነቀለ ግን ልፋት ነው።"

ለበሺር መንገር ግድ ሆነ። ደጁ ላይ ቆማ ከድርቆሹ እስከ ማጭዱ ነገረችው።

"ይኸን ሁሉ ዘመን ሳመሰግንሽ ሰምተሽ ዝም አልሽ?" አለ።

"አፈርኩ፣ ጋሽ በሺር። አውፍ ይበሉኝ።"

ገብቶ በሩን ዘጋ። ለነቀላ በተቀጠረው ቅዳሜ ግን ቤተሰቡን ይዞ መጣ። ከሌላኛው ዳር ጀምሮ ነቀለ፤ ሰላምታዋን አልመለሰም።

ዘንድሮ የላይኛው ግጦሽ ጸድቷል፣ ታችኛው ገና ነው። በሺር "አሰላሙ ዐለይኩም" ይላታል እንጂ እንደ ድሮው ቆሞ አያጫውታትም። የሙሄዲን እጅ አልዳነም፤ መንቀል ስለማይችል ካቡ ላይ ይቀመጣል።

"ሰዒዳ፣ አሁንስ በቃሽ፤ ወገብሽን አሳርፊ" ይላታል።

"እሺ አያ" ትላለች፣ ሳትቀና፣ ጣቷን አፈሩ ውስጥ ሰድዳ ሥሩን እየፈለገች።