ባርሲሳ ሳህሉ እና ረጅሙ ማትነኛ

ሳህሉ ነቀምቴ ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት ኬሚስትሪ ሲያስተምር ስለ ትነት ያላወራበት ዓመት የለም። በገዛ እጁ ያተነነው ግን የሻይ ውሃ ብቻ ነው፤ እሱንም ጥዶ እየረሳ ስንት ማንቆርቆሪያ አሳርሯል። ጡረታ ከወጣ በኋላም ከተማው «ባርሲሳ» ማለቱን አልተወም፤ በኦሮምኛ መምህር እንደማለት ነው። ይህ መጠሪያ ነው ጉድ ያመጣበት።

ጉቴ አካባቢ «ቦንቱ» የሚባል የማንጎ አምራቾች ማኅበር አለ። ማንጎው በአንድ ጊዜ ይደርስና ከዛፉ ሥር ይበሰብሳል። ስለዚህ የጭማቂውን ውሃ አትንኖ ማወፈር፣ ወፍራሙን በጀሪካን መሸጥ ታሰበ። ማሽን የሚመርጥ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ትነትን ከባርሲሳ በላይ ማን ያውቃል ተብሎ ሳህሉ ሰብሳቢ ሆነ።

ሳህሉ የማሽን ሻጩ ከሰጠው ባለቀለም መጽሔት ላይ ረጅሙን ማትነኛ ወደደ። ጭማቂው ከላይ ይለቀቅና በሚግሉ ቀጫጭን ቧንቧዎች ውስጥ እየወረደ ይተናል። ቁመቱ አራት ፎቅ ያህላል፤ ከአስፋልቱ ይታያል።

ኮሚቴው ውስጥ ጂሬኛ የሚባል ቴክኒሻን ነበር፤ አንድ ስኳር ፋብሪካ ውስጥ አሥራ ሁለት ዓመት የእንፋሎት መስመር ጠብቋል። እጁን አወጣ።

«ባርሲሳ፣ ይሄኛው እንደ ወተት ለሚፈስ ነገር ነው። የእኛ ማንጎ ወፍራም ነው፣ ቃጫም አለው፤ ቧንቧው ላይ ይጣበቅና ያርራል። የሚሆነን አጭሩ ነው፤ ውስጡ ግድግዳውን እየፋቀ የሚዞር ምላጭ ያለው።»

«ማማሰያ ያለው ድስትማ እናቴም ነበራት» አለ ሳህሉ። ኮሚቴው ሳቀ።

የማኅበሩ ሊቀመንበር አዴ ድርቤ የራሳችን ማንጎ ተወስዶ ማሽኑ ላይ ይሞከር ወይ ብላ ጠየቀች። ሳህሉ ነገሩ በሳይንስ የተረጋገጠ መሆኑን አስረዳት። ቃለ ጉባኤው ላይም «የቴክኒሻኑ ሐሳብ በምስጋና ታልፏል» ተብሎ ተጻፈ።

ማሽኑ መጣ፣ ቆመ፣ አብረቀረቀ። በሙከራው ቀን ግማሽ ሰዓት እንኳ ሳይሠራ ግቢውን ያረረ ማንጎ ሽታ ሞላው። በምስጋና የታለፈው ጂሬኛ ቧንቧዎቹን በሽቦ ብሩሽ ሲፍቅ ሦስት ቀን ከረመ። ምረቃው ደግሞ የፊታችን ሐሙስ ነው፤ እንግዶች ተጠርተዋል፣ የድንኳን ኪራይ ተከፍሏል። ሳህሉ ሁለት ቀን እህል አልቀመሰም። በሦስተኛው ቀን መላ መጣለት፦ ማንጎው በውሃ ይቅጠን።

ለአንድ በርሜል ማንጎ ሁለት በርሜል ውሃ ጨመሩ። እውነትም ፈሰሰ። ሐሙስ ዕለት እንፋሎቱ ተንጎለጎለ፣ ከጎን ባለው ቧንቧ ጥርት ያለ ውሃ ተንዠቀዠቀ፣ እንግዶቹ አጨበጨቡ። አዴ ድርቤ ከወዲያ ጫፍ የወጣውን ማንጎ በጣቷ ነካችው። ውፍረቱ ጠዋት ውሃ ሳይገባበት የነበረው ያው ነው፤ ትንሽ ጠቁሯል እንጂ።

«ባርሲሳ፣» አለችው ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ይሄ ውሃ ጠዋት እኛው የጨመርነው አይደለም?»

ሳህሉ «ዋናው ሂደቱ ነው» ብሎ ወደ እንግዶቹ ዞረ።

እንዲህ እየሆነ ሁለት ወር ተሠራ። ጠዋት ውሃ ይጨመራል፤ ቀኑን ሙሉ የቡና ገለባ እየነደደ ያው ውሃ ይወጣል። የወሩ ሪፖርት «ስልሳ ሺህ ሊትር ውሃ ማስወገድ ተችሏል» አለ፤ ሐሰት የለበትም። ሳህሉ የምስክር ወረቀት ተሸለመ። ገለባው ሲያልቅ ማሽኑ ቆመ።

ጂሬኛ ማንንም ሳይጠይቅ ከአሮጌ የወተት ጋን፣ ከወፍጮ ሞተርና ራሱ ከቆረጠው ምላጭ አጭሩን ሠራ። በቀን ሁለት በርሜል ብቻ ነው የሚያወፍረው፤ ግን ያወፍራል። ሳህሉ ሊያይ መጥቶ በማንኪያ ቀመሰ። ጣፈጠው። አንድ ነገር ሊል አፉን ከፈተና ምላጩ ትንሽ ፍጥነት ይጎድለዋል አለ። ጂሬኛ «ቶሌ፣ እሺ ባርሲሳ» ብሎ ሥራውን ቀጠለ።

ዘንድሮ ሳህሉ ወደ ቢላና ወደ ኑኑ ቁምባ እየተጠራ «ተስማሚ መሣሪያ አመራረጥ» የሚል ሥልጠና ይሰጣል። ጥሩ ያሠለጥናል ይባላል። መጀመሪያ የፈሳሹን ውፍረት እወቁ፣ ይላል፤ ከዚያ በራሳችሁ ምርት አስሞክሩ፤ በቁመት አትታለሉ፤ የቴክኒሻን ምክር አትናቁ። ኑኑ ቁምባ ላይ አንዲት ሠልጣኝ ይህን ሁሉ ከየት እንዳገኘው ጠየቀችው። ሳህሉ መነጽሩን አውልቆ ጠረገና «ከንባብ» አላት።