በሠርጉ ጠዋት የተፈታው ሞተር

ልጅ ሳለሁ፣ ደባርቅ ላይ ፀሐይ ሳትጠልቅ ብርዱ ቀድሞ ይገባ ስለነበር፣ አያቴ ጋራዥ በሚሏት የቆርቆሮ ዳስ ውስጥ ወገቡ ላይ የተቆረጠ በርሜል የባሕር ዛፍ ፍም ተሞልቶ ይቀመጥ ነበር። ያኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ ከቤት በፊት የምገባው ወደዚያ ነው። ጢሱ ከቤንዚንና ከአሮጌ ዘይት ሽታ ጋር ተደባልቆ ዓይን ያቃጥላል፤ ከጣሪያው በሽቦ የተንጠለጠለው ፋኖስ በነፋሱ ሲወዛወዝ የአያቴንና የአጎቴን ጥላ ከአንዱ ግድግዳ ወደ ሌላው ያመላልሳል።

አያቴ ጉልበታቸው እስኪደክም ድረስ በጭነት መኪና ሊማሊሞን ሲወጡና ሲወርዱ የኖሩ ሰው ናቸው። በስተርጅና ሞተሯ ነክሶ አልዞር ያለ አንዲት አሮጌ ጂፕ አግኝተው፣ ከመጨረሻ ልጃቸው ከአጎቴ ከሙሉቀን ጋር ብሎን በብሎን ፈትተው እንደገና ይገጥሟት ነበር። ሙሉቀን ሙሽራዋን የሚያመጣው ከሊማሊሞ ገደል ግርጌ፣ ከዛሪማ ነው፤ አያቴም ልጄ ሚስቱን በሰው መኪና አያመጣም ብለው ነበር።

እጃቸው ሲሠራ አፋቸው ያወጋል። ወጋቸው የጅብና የቀበሮ አልነበረም፤ የመንገድ ነበር። ከሁሉ የሚደጋግሙት ተገኘ የሚባል የሾፌር ጓደኛቸውን ነገር ነው። ተገኘ ሞተሩን አሳድሶ፣ እህል ጭኖ ሊማሊሞን ሲወርድ አያቴ ከኋላው በሌላ መኪና ይከተሉት ነበር። ድንገት ከተገኘ መኪና በር የሚያንኳኩ የሚመስል ድምፅ ሰሙ። በሞተሩ ሆድ ውስጥ ዋናውን ዘንግና የሚዞርበትን ብሮንዚን አቅፈው ከሚይዙት የብረት ቆቦች የአንዱ ብሎን ላልቶ ኖሯል። ቁልቁለቱ ላይ ጭነቱን ይዞለት የነበረው ሞተር ተሰበረ፤ ፍሬኑም ብቻውን አልቻለም። ረዳቱ ጎማው ሥር ድንጋይ ሊያስገባ ዘሎ ወረደ። ተገኘ መኪናውን ከገደሉ መልሶ ከተራራው ጋር አላተመው፤ እሱ ተረፈ፤ ረዳቱ ግን በመኪናውና በዓለቱ መካከል ቀረ። አያቴ እዚህ ሲደርሱ ሁልጊዜ ፍሙን በብረት ይቆሰቁሳሉ። እኔም ፍሙን እያየሁ ያንን የማንኳኳት ድምፅ ከራሴ ልብ ምት መለየት ያቅተኝ ነበር።

ቆቦቹን የያዙትን ብሎኖች ማጥበቅ ብቻውን አይበቃም ይሉ ነበር። ከብሎኑ ራስ ሥር አንዲት ቀጭን ቆርቆሮ ትገባለች፤ ብሎኑ ከጠበቀ በኋላ ጠርዟ ታጥፎ ጎኑ ላይ ካልተደገፈ፣ የሞተሩ ንዝረት ቀስ በቀስ ሊፈታው ይችላል።

የሠርጉ ዋዜማ ሙሉቀን ከሞተሩ ሥር ተኝቶ የመጨረሻውን ቆብ ሲያስር ሚዜዎቹ ለልብሱ ጠሩት። ሄዶ ተመለሰ፤ የዘይት መያዣውን ኮፓ ገጠመ፤ ዘይት ሞላ፤ ሞተሩም በአንድ ጊዜ ተነሳ። ሁሉም ደስ አለው።

በማግስቱ ጠዋት ሙሉቀን ሱፉን ለብሶ፣ ሚዜዎቹ ከበሮ ይዘው፣ እኔም አዲስ ቀሚሴን አድርጌ ጂፗ ላይ ወጥተን ነበር። አያቴ መሪውን ይዘው ቁልፉን ሊያዞሩ ሲሉ ወደ ልጃቸው ዞር አሉ።

«ቆርቆሮዎቹን ሁሉ አጥፈሃል?»

ሙሉቀን አዎ አለ። ነገር ግን አዎ ከማለቱ በፊት ትንሽ ቆየ። እኔ እንኳ ሰማኋት፤ ያቺን ዝምታ።

አያቴ ቁልፉን ነቅለው ኪሳቸው ከተቱ። ኮፓው ይፈታ አሉ።

ያኔ የሆነውን ጭቅጭቅ መቼም አልረሳውም። ሚዜዎቹ የሙሽራዋ ዘመዶች ዳስ ጥለው እየጠበቁ ነው፣ ሙሽራ አርፍዶ መድረስ ነውር ነው እያሉ ለመኑ። እናቴ ከቤት ወጥታ አባቷን በቅዱስ ሚካኤል ስም ለመነቻቸው። ሙሉቀን ፊቱ ቀልቷል።

«አባባ፣ በሰው ፊት አያዋርዱኝ። አጥብቄዋለሁ። እርስዎው ነዎት ያስተማሩኝ።»

«አጥብቀኸዋል። እሱን አልጠየቅሁህም» አሉ አያቴ፤ ድምፃቸው አልጨመረም። «ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ። እኔ አንተንና ይችን ልጅ ይዤ በማላውቀው ነገር ሊማሊሞን አልወርድም።»

ሙሉቀን ሚዜዎቹን ዞሮ አየ። ከዚያ ኮቱን አውልቆ ለእናቴ ሰጣት፤ በነጭ ሸሚዙ ከመኪናው ሥር ገባ። ዘይቱ ጀሪካን ውስጥ ተንቆረቆረ፤ ትንንሾቹ የኮፓው ብሎኖች አንድ በአንድ ወጡ። ፀሐይዋ ከቤቱ ጣሪያ በላይ ሆነች። አያቴ ጎንበስ ብለው ባትሪ ያበሩለት ነበር።

ብዙ ከቆየ በኋላ ሙሉቀን ከሥር ሆኖ የብሎን ማጥበቂያ ጠየቀ። ብሎኖቹን ሁሉ ሞከራቸው፤ አንድም የላላ አልነበረም። ሚዜዎቹ ተነፈሱ፤ አንደኛው እንዲያውም ሳቀ። ሙሉቀን ግን አልወጣም። እዚያው እንደተኛ በቀስታ፣ «አባባ፣ የኋለኛው ቆብ ላይ አንዷ አልታጠፈችም» አለ።

አያቴ አልተቆጡም፤ ነግሬህ ነበርም አላሉም። መዶሻና መሮ አቀበሉት። ቆርቆሮዋ ስትታጠፍ የተሰማው ድምፅ በጣም ትንሽ ነበር።

ስንነሳ ቀኑ አጋድሏል። ሊማሊሞን ስንወርድ ከበሮው በሚዜው ጭን ላይ ዝም ብሎ ተቀምጧል፤ ሁላችንም የምንሰማው ሞተሩን ነው። በየጥምዝምዙ ገደሉ በእኔ በኩል ሲመጣ ዓይኔን እጨፍናለሁ፤ በጎማው ሥር የሚረግፍ ጠጠር ሁሉ ያ ማንኳኳት ይመስለኝ ነበር። አያቴ አፋቸው ውስጥ ዳዊት ይደግማሉ።

ዛሪማ ስንደርስ የሙሽራዋ አባት ተቀምጠው እንደነበሩ አልተነሱም። ጎረቤቱ ያንሾካሹካል። አያቴ ነጠላቸውን አጣፍተው ፊታቸው ቆሙ፤ ያዘገየሁት እኔ ነኝ፣ ልጄ ጥፋት የለበትም አሉ፤ ለምን እንዳዘገዩትም ሳያሳጥሩ፣ የተገኘን ረዳት ሞት ጭምር ተናገሩ። የሙሽራዋ አባት ሰምተው ሲጨርሱ ተነስተው ሳሟቸው።

ሙሽራዋ፣ ዓለምነሽ፣ ጂፗ ላይ ከመውጣቷ በፊት መጋረጃዋን ገለጥ አድርጋ ሙሉቀንን አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው፤ አጠገቧ ስለነበርኩ ሰማሁ።

«አሁን ታስሯል?»

«በእጄ አስሬዋለሁ» አላት። በዚህኛው ጊዜ ከመመለሱ በፊት አልቆየም።

አያቴ ካረፉ ብዙ ዓመት ሆኗል፤ ሊማሊሞም አስፋልት ለብሷል። ባለፈው የጥምቀት ሰሞን አጎቴን፣ ቆርቆሮዋ ሳትታጠፍ ብንወርድ ኖሮ ብሎኑ ይይዝ ነበር ወይ ብዬ ጠየቅሁት። ዓለምነሽ ምግብ እያቀረበች ነበርና እሷም ቆማ መልሱን ጠበቀች። ብሎኑ ጠብቆ ስለነበር ምናልባት ይይዝ እንደነበር፣ ምናልባትም እስከ እርጅናችን ድረስ ምንም ሳይሆን ይቆይ እንደነበር፣ ሌላም ምናልባት እንዳለ ነገረኝ። ከዚያ ልጆቹ በሚጫወቱበት በኩል አየና፣

«አላውቅም» አለኝ። «አባባ ያን ቀን የሰጡኝ እሱን ነው፤ ገደሉ ላይ ሞክሬ አለማወቄን።»