የአብዮት ጠባቂው ጥያቄ

ቅዳሜ ከሰዓት ፒያሳ ያለው አዳራሽ ጢም ብሎ ሞልቷል። አንጋፋው ተዋናይ ስለ ሼክስፒር ተውኔቶች ከተመልካች ጋር ይጨዋወታል። የቀበሌው አብዮት ጠባቂ ጠመንጃውን በጉልበቶቹ መሀል አቁሞ በሩ አጠገብ ተቀምጧል። ከተውኔቶቹ መሀል ንጉሡን ገድሎ እንቅልፍ ያጣውን የጦር መሪ ታሪክ አራት ጊዜ አይቶታል፤ የካኪ ኮቱ ኪስ በቲኬት ቁራጭ ታጭቋል። ለመጠየቅ እጁን አወጣ። ጠመንጃውን ያየ ሁሉ ትንፋሹን ዋጠ።

«ጋሼ፣ ሰውዬው ነፍሰ ገዳይ ነው» አለ። «እንቅልፍ ሲያጣ ግን አለቀስኩለት። ለገዳይ ይለቀሳል እንዴ?»

ተዋናዩ ከወንበሩ ብድግ አለ። «ይህን ጥያቄ ሃያ ዓመት ሙሉ ጠብቄዋለሁ! አዎ ወንድሜ፣ ይለቀሳል!»

ጭብጨባው ጣራውን አናጋው። ጠባቂው ግን አልተቀመጠም፤ ፊቱ በደስታ እንደበራ፣ «እንቅልፉስ ይመለስለታል?» ሲል ሌላ ጥያቄ አከለ።