የእትዬ የተሳሳቱ መልሶች

ርሖቮት ከተማ ውስጥ በአንድ የአረጋውያን መኖሪያ ሜታፔሌት፣ ማለትም ተንከባካቢ፣ ሆኜ ስሠራ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ሽማግሌ አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ፣ አበላለሁ፣ ሲቆጡኝም ዝም ብዬ እሰማለሁ። አንድ ቀን አለቃዬ ጠራችኝና፣ ፈተና የሚያዘጋጅ አንድ ድርጅት የተንከባካቢዎችን የምስክር ወረቀት ፈተና በአማርኛም ሊያወጣው ነው አለችኝ። ከመውጣቱ በፊት ግን የሚሞክሩለት ሰዎች ይፈልጋል።

«ውጤት የለውም» አለችኝ። «የሚፈተነው ጥያቄው ነው እንጂ አንቺ አይደለሽም። ቤትሽ ቁጭ ብለሽ በኮምፒውተር ትሠሪዋለሽ።»

እኔ ጥያቄን የምፈትንበት ቀን ይመጣል ብዬ አስቤ አላውቅምና ወዲያው እሺ አልኩ።

ቀኑ ሲደርስ ባሌንና ልጆቹን ኦሺዮት ሰፈር ካለው ቤታችን አስወጥቼ መኝታ ቤት ገባሁ። እንዳላጭበረብር በካሜራ የሚጠብቀኝ አንድ ወጣት ነበር። ክፍሉን አሳዪኝ አለኝ፤ ኮምፒውተሩን እንደ ሕፃን ታቅፌ ዙሪያውን አዞርኩት። ጆሮሽን አሳዪኝ አለኝ፤ አሳየሁት። ከአልጋው ሥርስ? ከአልጋው ሥር የተገኘው የባሌ ካልሲ ብቻ ነበር። «ቤሰደር» አለ ወጣቱ፣ ደህና ነው ማለቱ ነው፤ ፈተናውም ተከፈተ።

ጥያቄዎቹን ከዕብራይስጥ ወደ አማርኛ የመለሳቸው ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። ሁለቱንም ቋንቋዎች በሩቅ ሰላም የሚላቸው ሰው ይመስለኛል። በዕብራይስጥ ግፊትና ጭንቀት አንድ ቃል ናቸው፤ ስለዚህ «የአረጋዊው የደም ጭንቀት ከፍ ካለ ምን ታደርጊያለሽ?» ይላል። ከየጥያቄው ሥር አስተያየት መጻፊያ ቦታ ነበር። «ደም አይጨነቅም፤ የተጨነቀችው ተፈታኟ ናት» ብዬ ጻፍኩ። ቀጥሎ «የአረጋዊውን ውድቀት እንዴት ትከላከያለሽ?» የሚል መጣ። «ውድቀት የመንግሥት ነው። ሽማግሌ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሲያዳልጠው መውደቅ በሉት» አልኩ።

ከሁሉም የባሰው ግን ስለ ሆድ ድርቀት የተጠየቀው ነው። ዕብራይስጡ መጸዳዳትን «መውጣት» ብሎ ይጠራዋል፤ ተርጓሚው ደግሞ ቃሉን እንዳለ አመጣው። «አረጋዊው ለሦስት ቀን መውጫ ካጣ ምን ታደርጊያለሽ?» እኔም «በሩን እከፍትለታለሁ» ብዬ ጻፍኩና ሳቄን በሳል ደበቅኩት። ወጣቱ ውኃ መጠጣት እንደሚፈቀድ ነገረኝ።

ከጥቂት ቀን በኋላ ከድርጅቱ አንዲት ሴት ደወለች። «በሩን እከፍትለታለሁ ያልሽው አንቺ ነሽ?» አለችኝ። ልትቆጣኝ ነው ብዬ ፈራሁ። እሷ ግን አማርኛ የምታውቅ ሠራተኛ አስተያየቴን ስትተረጉምላቸው ቢሮው ሁሉ ሲስቅ እንደነበር ነገረችኝና፣ ጥያቄዎቹን እንደገና በአማርኛ እንድጽፍላቸው ጠየቀችኝ።

«ትክክለኛውን መልስ መጻፍ ቀላል ነው» ብላ አስተማረችኝ። «ከባዱ የተሳሳተው ነው። ሰው እውነት የሚያደርገው ስህተት መሆን አለበት፤ አለበለዚያ ማንም አይመርጠውም።»

ይህን ስትል የባሌ ታላቅ እህት ፊቴ ላይ ድቅን አሉ።

እትዬ ነው የምንላቸው። ክፋር ማርሞሬክ ሰፈር ውስጥ አንድ የየመን ሽማግሌ ይጦራሉ። ሁለቱ ቀኑን ሙሉ ሲጨቃጨቁ ይውላሉ፤ እትዬ ካልመጡ ግን ሰውዬው ቁርስ አይቀምስም። በሽማግሌ አያያዝ ላይ እትዬ የማይሉት ነገር የለም። አልበላም ካለ፣ «ጎረቤትህ ድርሻህን እየጠየቀ ነው በይው።» መድኃኒት ከተፋ፣ «ፈጭተሽ እርጎ ውስጥ ደብቂው፤ ከጠየቀሽ ዘር ነው በይው።» ከወደቀ፣ «ቶሎ አንሺው፣ ልብሱን አራግፊለትና ማንም አላየህም በይው።» በሕጉ መሠረት የወደቀን ሰው ሳያንቀሳቅሱ ጉዳቱን አይቶ እርዳታ መጥራት ነው የሚገባው። የእትዬ መልስ ግን እንዴት ያምራል! እኔ ራሴ ሕጉን ባላውቅ ኖሮ እመርጠው ነበር።

ስለዚህ እትዬን ከነቃላቸው የተሳሳተ ምርጫ አድርጌ ፈተናው ውስጥ አስገባኋቸው። አንዱ ጥያቄ ላይ ለ ሆኑ፣ ሌላው ላይ መ ሆኑ። ድርጅቱ በጣም ተደሰተ። የተሻሻለውን ፈተና የሚሞክሩ አዲስ ሰዎች ይፈለጋሉ ተብሎም በዋትሳፕ ወሬው ተበተነ።

አንድ ጠዋት በሩ ተንኳኳ። እትዬ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ መታወቂያቸውን በእጃቸው ይዘው ቆመዋል።

«ሙሽሪት፣ ኢንተርኔታችሁ ጥሩ ነው አሉ። ፈተና ልሞክር መጣሁ።» ልጆቼ ጦር ሠራዊት ሊገቡ ደርሰዋል፤ እሳቸው ግን አሁንም ሙሽሪት ነው የሚሉኝ።

«የምን ፈተና?» አልኩ፣ እያወቅኩ።

«የሽማግሌ ነዋ! ያላ፣ ቶሎ በይ፣ መኝታ ቤቱን ክፈቺልኝ።»

ምን ልበል? ስለ ጥያቄዎቹ ለማንም ትንፍሽ ላልል ፈርሜያለሁ። ኮምፒውተሩን ከፈትኩላቸውና፣ ክፍሉ ባዶ መሆን ስላለበት ወጥቼ ኩሽና ተቀመጥኩ። ትንሽ ቆይቶ ሳቅ ሰማሁ። ከዚያ ጠባቂው በዕብራይስጥ ሲያስጠነቅቅ ሰማሁ፤ ጮክ ብሎ ማንበብ ክልክል ነው አለ።

«ልጄ፣ እየሳቅኩ ነው እንጂ መች አነበብኩ» አሉት እትዬ። «መሳቅም አይቻልም?»

ሲወጡ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ ነበር።

«እንዴት ነበር እትዬ?»

«ቀላል! ሁሉም ቦታ የኔ መልስ አለ።»

«ታዲያ የቱን መረጡ?»

«የራሴን ነዋ! የሰው ልምረጥ?»

ሻያቸውን ጠጥተው፣ ቤቴን መርቀው ሄዱ። ምንም አልጠረጠሩም ብዬ እፎይ አልኩ።

በሚቀጥለው ሳምንት ያቺ ሴት ለስብሰባ ጠራችኝ። ሁሉም በኮምፒውተር ተሰብስበዋል፤ አንዲት ነርስም ነበረች። አማርኛ የምታውቀው ሠራተኛቸው ዕረፍት ላይ ናት፤ አንዲት ተፈታኝ ግን ብዙ አስተያየት ጽፋለች፣ እባክሽ ተርጉሚልን አሉኝ። ጽሑፉ ተከፈተ። ስለ ምግብ ከተጠየቀው ሥር እንዲህ ይላል፦ «ይህ መልስ የኔ ነው። በፔሳሕ በዓል ዕለት ሳህን ስናጥብ ነው የተናገርኩት፤ የሰማችኝ የወንድሜ ሚስት ብቻ ናት።» ስለ መድኃኒቱ ደግሞ፦ «ዘር ያልኩት የሰሊጥ ዘር ነው። ከጻፋችሁ አሟልታችሁ ጻፉ።» ስለ መውደቅ፦ «ትክክለኛው ሐ እንደሆነ አውቃለሁ። የራሴን ቃል ግን ሜዳ ላይ ጥዬው መሄድ አልቻልኩም።» መጨረሻ ላይም «ለሙሽሪት ሰላምታ አቅርቡልኝ» ይላል።

ሁሉንም ተረጎምኩት።

«ሙሽሪት ማናት?» አለች ነርሷ።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

ነርሷ ማይክሮፎኗን ዘግታ ከወንበሯ እስክትንሸራተት ሳቀች። ጥያቄዎቹ ይቀየሩ ተባለ፤ እኔም አሳሳች መልስ ከሌላ ቦታ እንድፈልግ በትሕትና ተነገረኝ።

በዚያው ዓርብ ዳቦ ይዤ ከባሌ ጋር እትዬ ቤት ሄድኩ። ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት በእጃቸው አቆሙኝ።

«ለምን ቀድመሽ አልነገርሽኝም? ሌላም እጨምርልሽ ነበር።»

«አሁን የእርስዎን መጠቀም ከልክለውኛል።»

 ወደ ሳሎኑ አዩ። ባሌ ሶፋው ላይ ተጋድሞ እግር ኳስ ያያል፤ የሁለቱም እናት ታመው ሳሉ እሱ እንዴት እንዳስታመማቸው ሁለታችንም አንረሳውም። ትኩሳት ሲይዛቸው ብርድ ልብስ ይደርብባቸዋል፣ የታዘዘላቸውን መድኃኒት አብሯቸው ይቀምሳል፣ ሐኪሙ ሲመጣ ተኝቶ ይገኛል።

«እሱን ውሰጂው» አሉ እትዬ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «የእሱ ለአንድ ሙሉ ፈተና ይበቃል። እኔ ጥያቄሽን አላይም፤ ስለ ወንድሜ ማውራት ግን ማንም አይከለክለኝም።»

ማታውን ሙሉ አወሩልኝ። ባሌ እንዲህ የሚያስቀን ምን እንደሆነ ሁለት ጊዜ ጠየቀ።

ፈተናው በይፋ ሲወጣ እትዬ ተመዘገቡ። አለፉም። ከአውቶቡስ ውስጥ ሆነው ነው የደወሉልኝ፤ በድምፃቸው መላው ተሳፋሪ የሰማ ይመስለኛል።

«አለፍኩ ሙሽሪት! ወንድሜን ሦስት ቦታ ላይ አገኘሁት።»

«ከዚያስ እትዬ?»

«ሰላም አልኩትና አለፍኩት። አንዱም ላይ አልመረጥኩትም።»