መስታወቱ ላይ የሰቀልኩት አንሶላ

እኔ ክፉ ሴት ነኝ። ይህን ስል ጓደኞቼ «ኧረ ተይ፣ አንቺን የመሰለች!» ይሉኛል። ስለ እንሽላሊቷ ስላልነገርኳቸው ነው።

እዚህ አሜሪካ፣ ኮሜርስ ሲቲ የሚባል ከተማ ውስጥ፣ ከዕቃ መጋዘኖቹ በአንዱ፣ ሊጠፉ የተቃረቡ ተሳቢ እንስሳትን የሚያራባ ቦታ ነበር። አሁን ተዘግቷል። ሁለት ዓመት እዚያ በጽዳት ሠራሁ። የቤቱ እመቤት ኮሞዶ ድራጎን የምትባል ግዙፍ እንሽላሊት ነበረች። ዘሯ ከኢንዶኔዥያ ደሴቶች ነው፤ እኛ አገር ወንዝ ዳር የሚታየው አርጃኖ ዘመዷ ነው፤ እሷ ግን ከእኔ ቁመት ትበልጣለች። የፍየል ጭን ሲሰጧት ሳታላምጥ ትውጣለች። በሁዳዴ የእሷን ደም መጥረግ ለእኔ ተጨማሪ ጾም ነበር።

የምትንከባከባት አንዲት ወጣት አሜሪካዊት ነበረች። አፏ አያርፍም። እኔ ወለል ስወለውል እሷ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጣ ስለ እንሽላሊቷ ታወራልኛለች፤ እኔም የጎረቤቶቼን ጉድ አንድ በአንድ እዘረግፍላታለሁ። ሐበሻ በሞላበት የኮልፋክስ መንገድ ላይ ዕድሜዬን በአማርኛ ጨርሼ፣ እንግሊዝኛዬ የተፈታው ከእሷ ጋር ነው።

እንሽላሊቷ እንቁላል ጣለች። ወንድ ሳይጠጋት እንደሆነ ሲነግሩኝ አማተብኩ። ያለፈው ዓመት እንቁላሎች ማሞቂያ ማሽን ውስጥ ተበላሽተው ስለነበር፣ ልጅቷ «ዘንድሮ እናትየዋ በቆፈረችው አፈር ውስጥ ይቆዩ» ብላ አለቃችንን ለመነችው። ፈቀደላት፤ ግን «ጫጩቶቹ ቢሞቱ ከዚህ ትሄጃለሽ» አላት። ችግሩ እናትየዋ ናት። ጉድጓዷን ወራት ሙሉ ትጠብቃለች፤ ልጆቿ ከአፈር ሲወጡ ግን ትበላቸዋለች። በዱር ጫጩቶቹ ዛፍ ላይ ይሸሻሉ፤ ትልልቆቹ እንዲጠየፏቸውም ኩስ ላይ ይንከባለላሉ። ስለዚህ አፈሩ ሲንቀሳቀስ እናትየዋን ወዲያው ወደ ሌላ ክፍል ማስወጣት ያስፈልጋል። ሰው ከክፍሏ መስታወት አጠገብ መጥፋት የለበትም።

እኔን ደግሞ እሷን ሊያዩ የሚመጡት ጎብኚዎች አናደዱኝ። መስታወቱን እያንኳኩ ያፈጡባታል።

«እንዲህ ያለችን ለሰው ዓይን አይሰጧትም» አልኳት ልጅቷን። «እኛ ጋ ወተት እንኳን ሳይከደን ደጅ አይወጣም።»

ሳቀች፤ ግን አከበረችኝ። ከቤቴ ያመጣሁትን አበባ ያለበት አንሶላ አብራኝ መስታወቱ ላይ ሰቀለች። በየጊዜው ገለጥ እያደረገች ታያለች።

ከወራት በኋላ አንድ ማክሰኞ፣ ምሳ ሰዓት ላይ «ሳንድዊች ገዝቼ ልምጣ» አለችኝ። «በየአምስት ደቂቃው ገለጥ አድርገሽ እይልኝ። አፈሩ ከተነሣ ደውይልኝ፣ እሮጣለሁ።»

«ሂጂ፣ እኔ አለሁ» አልኳት።

አልገለጥኩም። የእኔም ዓይን ዓይን ነው። ልጅ ሆኜ «አንቺ ያደነቅሽው ነገር ሁሉ ይበላሻል» እያሉ ነው ያሳደጉኝ፤ እዚህ ዕድሜ ላይ ደርሼም ዓይኔን ፈራሁት። ጀርባዬን ለመስታወቱ ሰጥቼ ስልኬን ስነካካ ቆየሁ። ከአንሶላው ኋላ አፈር ሲጫር ሰምቻለሁ። እናትየዋ ቤቷን እያስተካከለች ነው ብዬ ራሴን ሸነገልኩ።

ልጅቷ ተመልሳ አንሶላውን ስትገልጥ ሳንድዊቹ ከእጇ ወደቀ። ከእናትየዋ አፍ ቀጭን ጅራት ወጥቶ ይወራጫል። ዋጠችው። አፈሩ ላይ የተቀደደ ቅርፊት ብቻ ነበር። አንድ ጫጩት ብቻ ተረፈ፤ ጠዋት ሰንፌ ሳልጠርገው በተውኩት ጥግ፣ ኩስ ውስጥ ተንከባሎ ተገኘ። እናትየዋ በምላሷ ቃኝታው አልፋው መሆን አለበት።

አለቃችን መጣ። ከሰላምታ በላይ አናግሮኝ አያውቅም።

«ማን ነበር የሚጠብቀው?»

«እሷን አደራ ብያት ነው የወጣሁት» አለች ልጅቷ።

ወደ እኔ ዞረ። «ነግራሽ ነበር?»

ልጅቷ አየችኝ። የቤት ኪራዩ፣ ልጄ፣ የመኪናው ጎማ ሁሉ ባንድ ጊዜ ፊቴ ድቅን አሉ። ግን በዚህ አላመካኝም፤ ፈርቼ ብቻ አይደለም፤ የዋሸሁት በጣም ስለቀለለኝ ጭምር ነው። ትከሻዬን ሰበቅሁ፣ እንደ ሞኝ ፈገግ አልኩ።

«ኖ ኢንግሊሽ። ሶሪ።»

አለቃው ልጅቷ ላይ አፈጠጠባት። «እንግሊዝኛ ለማትሰማ ሴት ነው አደራ የሰጠሽው?»

አፏን ከፈተች። አየችኝ። መልሳ ዘጋችው። ያ የማያርፍ አፍ ሲዘጋ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ዕቃዋን በካርቶን ሰብስባ ስትወጣ አንሶላውን አጣጥፋ አመጣችልኝ። እጄ ላይ አስቀምጣ ፊቴ ቆመች። ሁለት ዓመት ሙሉ ትንፋሽ ሳትወስድ ስታወራኝ የኖረች ልጅ፣ ለደንቆሮ እንደሚናገር ሰው ጮክ ብላ፣ ቃሉን አንድ በአንድ እየለየች፣ በጣቷ መጀመሪያ ራሷን ከዚያም በሩን እያሳየች፣

«እኔ። መሄዴ። ነው። ገባሽ?» አለችኝ።

አለቃው ከኋላዋ ቆሞ ያየኛል።

«ኖ ኢንግሊሽ» አልኳት።