ራሔል ግመል ተከትላ ስትሄድ የዋሸሁት ውሸት

ለነፍስ አባቴ በስልክ ስናዘዝ ብዙ ነገር ዘርዝሬያለሁ። ሐሜቴን፣ ቁጣዬን፣ ጾም መግደፌን አልደበቅኩም። አንዱን ግን በየዓመቱ እዘለዋለሁ። ምላሴ ጫፍ ደርሶ፣ «ሌላስ ልጄ?» ሲሉኝ፣ «ሌላ የለም አባቴ» እላለሁ። አለ እንጂ! እነሆ ዛሬ ለእናንተ ለአንባቢዎች ልናገር ነው። የደፈርኩት ፊታችሁን ስለማላይ ይሆናል።

ጸሐይ እባላለሁ። ሐርጌሳ፣ ጅግጅጋ ያር በሚባል ሰፈር፣ አንድ ደግ ቤተሰብ ጋ ምግብ አብሳይ ሆኜ ጸጉሬን ያሸበትኩ ሴት ነኝ። ኮምቦልቻ አብራኝ ያደገችው ይርገዱ ልጇን ራሔልን ወደ እኔ ስትልክ፣ «እናት ሁኛት» ነበር ያለችኝ። ራሔል ቀያሽ ናት። እንደመጣች መንገድ ከሚሠራ ኩባንያ ቋሚ ሥራ አገኘች፣ ኮድቡር ሰፈር ደህና ክፍል ተከራየች። እኔ ዋሄን ገበያ ቲማቲም ስመርጥ እንኳ ላገኘሁት ሐበሻ ሁሉ «የኔ ልጅ ቢሮ ነው የምትሠራ» ሳልል አልመለስም ነበር። የሷ ወንበር የኔም ወንበር መስሎኝ ነበር መሰለኝ።

ታዲያ ይህች ልጅ ለቅየሳ ገጠር ስትወጣ ሆዮ ኻድራ፣ እማማ ኻድራ እንደ ማለት ነው፣ ከሚባሉ ግመል አርቢ ባልቴት ጋር ተዋወቀች። ሴትዮዋ የውኃ ጉድጓዱን ሁሉ በቃላቸው ያውቃሉ፤ ደመና አይተው ዝናቡ የት እንደሚወርድ ይናገራሉ። አንድ ከሰዓት ራሔል ሥራዋን ለቅቃ መጣችብኝ።

«እትዬ ጸሐይ፣ ከሆዮ ኻድራ ቤተሰብ ጋር ወደ ጎሊስ ተራራ ልሄድ ነው። ዝናቡ እስኪያበቃ ግመሎቹን ተከትዬ እዞራለሁ።»

«ምን ልትሆኚ?»

«ላይ ነዋ!» አለችና ሳቀች።

ልታይ! ለማየት ተብሎ ቋሚ ሥራ ይጣላል? ሰደብኳት። ጥጋበኛ አልኳት፣ እብድ አልኳት። እሷ ግን አንገቴን አቅፋ አንድ ነገር ብቻ ለመነችኝ። «እዚያ ኔትወርክ የለም። ለእማዬ ራሴ ብነግራት አልቅሳ ታስቀረኛለች። አንቺ በጥሩ አፍ ንገሪልኝ።» እሺ አልኩ። በአፌ ቃል ገባሁ።

በሦስተኛው ቀን ይርገዱ ደወለች። ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር። «የልጄ ስልክ ለምን ተዘጋ?» አለች። እኔም፣ በዚህ አፌ፣ «ወንድ ተከትላ ጠፋች» አልኳት።

ማን አስገደደኝ? ማንም። እውነቱ ከውሸቱ ይረዝም ነበር? አይረዝምም። ይርገዱ «ከዛሬ ጀምሮ ልጅ የለኝም» ብላ ዘጋችው። መልሼ ልደውል እችል ነበር። አልደወልኩም። የእናት ቁጣ ልጅቷን ወደ ልቧ ይመልሳታል ብዬ ራሴን አባበልኩና ሽንኩርቴን ጨረስኩ።

የባሰው ደግሞ ቀጥሎ ነው። ራሔል ወተት በሚጭነው መኪና አንድ ጀሪካን የግመል ወተት ላከችልኝ፤ ከብጣሽ ወረቀት ጋር። «እማዬ ምን አለች?» ይላል። እኔ ወተቱን ጠጣሁና፣ «መርቃሻለች፣ አይዞሽ» ብዬ ጻፍኩላት። ወተቱ ጣፋጭ ነበር። ይህንንም አልደብቅም።

በዒድ በዓል አሠሪዎቼ ዘመድ ጥየቃ ሲሄዱ እረፍት አገኘሁ፤ በዚያው የወተት መኪና ወደ ራሔል ሄድኩ። ፀፀት የወሰደኝ እንዳይመስላችሁ። ተጎሳቁላ፣ ተጸጽታ አግኝቻት «አላልኩሽም?» ልላት ነበር የሄድኩት።

መኪናው ያወረደኝ ቦታ ዝናብ ጥሎ ነበር። አገሩ ሁሉ ለምልሟል። ግመሎቹ ከቁጥቋጦው ብቅ ብቅ ሲሉ መሐላቸው አንዲት ጥቁር፣ ቀጭን፣ ሻሽ የጠመጠመች ልጅ በሶማልኛ እየጮኸች ትሮጣለች። ራሔል ናት! እንዲህ ስትስቅ አይቻት አላውቅም። ሆዮ ኻድራ እጄን ይዘው፣ «ይህቺ ልጅሽ ጉድጓዶቻችንን ሁሉ በወረቀት አስቀመጠችልን፤ እኔ ብሞት የልጅ ልጆቼ አይጠሙም» አሉኝ። እኔስ? ግመል ላልብ ብዬ ስታገል ዕቃውን ረገጠችብኝና ወተቱ በሙሉ በቀሚሴ ላይ ፈሰሰ። ሆዮ ኻድራ እስኪያስላቸው ሳቁ። እኔም መሬት ላይ ተቀምጬ ሳቅሁ፤ ሆዴን ይዤ፣ እንባዬ እስኪፈስ ሳቅሁ። ስንት ዓመት ወጥ ቤት ውስጥ ቆሜ ኖሬ፣ ለካ እንዲህ ያለ ሰማይ ከሐርጌሳ የግማሽ ቀን መንገድ ላይ ነበር!

ያኔ ነው የገባኝ። ለልጅቷ ሰግቼ አልነበረም። ቀንቼባት ነበር። እኔ በሷ ዕድሜ አንዴ እንኳ ያልደፈርኩትን ደፈረች፤ ስለዚህ ስሟን አጠፋሁ።

«ያ ኮረብታ ላይ ኔትወርክ እንዳለ ትናንት አገኘሁ፤ ለእማዬ እንደውል» አለችኝ። ወጣን። «መጀመሪያ እኔ ላናግራት» ብዬ ስልኩን ነጥቄ ከቋጥኝ ጀርባ ዞርኩ።

«ይርጌ፣ ወንድ የለም። የዋሸሁሽ እኔ ነኝ። ልጅሽ እንደ ወርቅ ናት።»

 «ስጪያት» ብቻ አለች።

ሰጠኋት። እናትና ልጅ እየተጯጯሁ፣ እያለቀሱ፣ እየሳቁ ባትሪው እስኪያልቅ አወሩ። እኔ ራቅ ብዬ እንደ ሌባ ቆምኩ፤ ግን ደስታ ደረቴን ሊቀደው ደርሶ ነበር።

ይርገዱ በማግስቱ ደውላ፣ «አንቺን ይቅር ለማለት ጊዜ ያስፈልገኛል። ለልጅቷ ግን እንዳትነግሪያት፤ እዚያ አገር ካንቺ ሌላ የላትም» አለችኝ። ትእዛዙ ተመቸኝ። ከኋላው ተደበቅኩ።

ዛሬ ራሔል የውኃ ጉድጓድ ካርታ ሠሪ ናት፤ የዓመቱን እኩሌታ ከግመሎቹ ጋር ታሳልፋለች። በሄደችበት ሁሉ፣ «እትዬ ጸሐይ እማዬን ባታግባባልኝ ኖሮ» እያለች ታመሰግነኛለች። ባለፈው ሳምንት ደግሞ በሰው ፊት ጉንጬን ስማ ይህንኑ አለች። ሰው አጨበጨበ። እኔም ፈገግ አልኩ! ይህ ፈገግታዬ ከመጀመሪያው ውሸት አይብስም?

ለይርገዱ ደውዬ፣ «ከእንግዲህ አልችልም፣ እነግራታለሁ» አልኳት። «በመጨረሻ!» አለችኝ፤ «ያኔ እንዳትነግሪያት ያልኩሽ ለጊዜው ነበር፤ ልጅቷ ባመሰገነችሽ ቁጥር ያፈርኩት እኔ ነኝ። እኔ ይቅር ካልኩሽ ቆይቷል፤ የቀረሽ እሷ ናት።»

ስለዚህ ራሔል፣ ይህንን መጀመሪያ የምታነቢው አንቺ ነሽ። ስሰጥሽ ከፊትሽ እቀመጣለሁ፤ አልሸሽም። ለደህንነትሽ ብዬ ነው አልልሽም። ሰው አሳስቶኝ ነው አልልሽም። እኔ ነኝ፤ ስምሽን ለገዛ እናትሽ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ጥጋበኛ፣ እብድ ብዬ ስሰድብሽ ሰምተሽኝ ባለመቅረትሽ ግን ደስ ብሎኛል፤ እንዴት ደስ እንዳለኝ! ይቅር በይኝ፣ ልጄ። ጊዜ ካስፈለገሽም ውሰጂ፤ እጠብቃለሁ።