የክርስትና ስሙን ያላወቅነው ወታደር

ትእዛዙ የመጣው ቅዳሜ ጠዋት ነው።

«ማሂ፣ ነጠላሽን ያዢ። ረፋዱ ላይ እንነሳለን» አሉኝ አያቴ።

አባባ የቀድሞው ጦር አሥር አለቃ ናቸው። እዚህ ባሕር ማዶ፣ ሰንሻይን በሚባለው ሰፈር፣ ከእኛ ጋር መኖር ከጀመሩ ቆይተዋል፤ ግን ባቡር ለመያዝ እንኳ የሚነሱት ለዘመቻ እንደሚነሳ ሰው ነው። የዚያን ቀን ሦስት ሆነን ወጣን፤ አባባ፣ ጎረቤታችን እትዬ ሁዎንግ እና አስተርጓሚ ሆኜ የተመደብኩት እኔ። ሹመቱ ደስ ብሎኝ ነበር። እትዬ ሁዎንግ ቬትናማዊት ናቸው። «እትዬ» ያሏቸው አባባ ናቸው፤ እሳቸውም ሳይከራከሩ ተቀብለውታል።

ግዳጃችን ይህ ነበር። አባባ አንድ ኮረብታ ላይ የወደቁ ጓዶቻቸውን በየዓመቱ በጸሎት ያስጠራሉ። ስድስቱን በክርስትና ስማቸው ያስጠራሉ። ሰባተኛው ይዘለላል። ወታደሮቹ «ብርዱ» ይሉት ነበር፣ ሁልጊዜ ስለሚበርደው። ቄሱ «የክርስትና ስሙስ?» ሲሉ አባባ አንገታቸውን ይደፋሉ። እትዬ ሁዎንግ ይህን ከአጥር ማዶ ሆነው ከእኔ ሰሙ። እሳቸውም ወንድማቸውን ጦርነት በልቶባቸው አስከሬኑን አላገኙም። «እኛ ቤተ መቅደስ ስማቸው ለማይታወቅ ወታደሮችም ይጸለያል። ኑና እዩ» አሉ።

እማዬ አልወደደችውም። «አባባ፣ የባዕድ አምልኮ እኮ ነው!»

«ልሰግድ መች ሄድኩ፣ ልቃኝ ነው» አሏት። ትስቃለች ብዬ ጠበቅሁ። አልሳቀችም።

ስንደርስ ያካፋ ነበር። ቤተ መቅደሱ ሁለት ማማ አለው፤ ቢጫው ቀለም በዝናቡ ደብዝዟል። ጫማ አወለቅን። «ይኼስ የኛው ነው» አሉ አባባ። ሰዎቹ ሁሉ ነጭ ለብሰዋል። «ይኼም የኛው ነው።» ከዚያ በቤተ ክርስቲያን ልማዳቸው በግራ በኩል ገቡ። ወዲያው ነጭ የለበሱ አሮጊቶች መሃል ተገኙ። በካኦዳይ፣ በእትዬ ሁዎንግ ሃይማኖት፣ ሴቶች የሚቆሙት በግራ ነው፤ ወንዶቹ በቀኝ።

«ተከበብኩ!» አሉ።

«ያፈግፍጉ፣ አባባ» አልኳቸው። አሮጊቶቹ አፋቸውን በእጃቸው ሸፍነው ሳቁ።

የኛ ሳቅ ግን እዚያው ቆመ። ከመሠዊያው በላይ፣ ትልቅ ሰማያዊ ሉል ላይ አንድ ዓይን ተስሏል። የግራ ዓይን ነው። አባባ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ማነው እንዲህ የሚያየን?»

«እግዚአብሔር ነው» አሉ እትዬ ሁዎንግ። «ሃይማኖቶች ሁሉ ከእሱ ወጥተዋል ብለን እናምናለን። ፊት ብንስልለት የአንድ አገር ሰው ይመስልብናል። ዓይን ግን የሁሉም ነው።» የቡድሃንም የኢየሱስንም ምስል አሳዩን። ነፍስ እስክትነጻ ድረስ በሌላ ሥጋ ተመልሳ እንደምትወለድ ነገሩን። ይህን ስተረጉምላቸው አባባ ፊታቸውን አዞሩ።

«የብርዱ ነፍስ ወደዚያ ኮረብታ ብቻ አትመለስ» አሉ።

ጸሎቱ እስኪጀመር በረንዳው ላይ ተቀመጥን። ሳልጠይቃቸው ጀመሩ።

«ኮረብታው ስም የለውም። ካርታ ላይ ቁጥር ነበር። ንጋት ላይ ያዝነው። መሬቱ ድንጋይ ስለሆነ ምሽጋችን ጉልበት አያልፍም። ብርዱ ምትክ ሆኖ ከመጣ ሳምንት አልሞላውም። ልጅ ነው። ይንቀጠቀጣል። ካፖርቴን ሰጠሁት። ረፋድ ላይ ሞርታር ወረደብን። ቀትር ሳይሆን መትረየሳችን ዝም አለ። ሻምበሉ ‹አፈግፍጉ!› አለ። ብርዱ ከፊታችን ቋጥኝ ሥር ቃፊር ሆኖ ይጠብቅ ነበር። ጠራሁት። ‹መጣሁ አሥር አለቃ፣ ካፖርቱን ላንሳ› አለ።»

ዝናቡን አዩ።

«አልመጣም።»

እትዬ ሁዎንግ «ተርጉሚልኝ» አላሉኝም።

ቀትር ላይ ከበሮ ተመታ። እኔ በግራ፣ አባባ በቀኝ ተለያየን። ሰዎቹ ግንባራቸው መሬት እስኪነካ ሰገዱ። አባባ አልሰገዱም። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ጀርባቸውን አቅንተው ተቀመጡ። ዜማው ረጅም ነው፤ አንዲት ቃል አልገባኝም። እትዬ ሁዎንግ «አሁን ለወታደሮቹ ነው» ብለው ሹክ አሉኝ። ቀና ብዬ አየሁ። የአባባ ከንፈር ተንቀሳቀሰ።

ስንወጣ አባባ እትዬ ሁዎንግን ጠየቋቸው። «ስሙን ሳታውቁ እንዴት ትጸልዩለታላችሁ?»

«እኛማ አናውቀውም። የሚያውቀው ያ ዓይን ነው። የወንድሜን ስም እኔ እጠራለሁ፤ የሌሎቹን ግን የሚጠራ የለም። እርስዎ የሚያውቁትን ስም ይጥሩ።»

አባባ ባርኔጣቸውን መልሰው ደፍተው ጫማቸውን አጠለቁ።

በማግስቱ እሑድ የዓመቱ መታሰቢያ ነበር፤ አባባ ቤተ ክርስቲያን ከቄሱ ፊት ቆሙ። ስድስቱን ስሞች አንድ በአንድ አሉ። እንደ ሌላው ጊዜ ያበቃሉ ብዬ ነበር።

«ብርዱ» አሉ።

«የክርስትና ስሙስ?»

«አላውቀውም፣ አባታችን። እኔ የማውቀው በዚህ ነው። በዚሁ ይጥሩልኝ።»

ቄሱ ቀና ብለው አዩዋቸው። ከዚያ ከስድስቱ ቀጥለው፣ ድምፃቸውን ሳይቀንሱ፣ «ብርዱ» ብለው ጠሩት።

ኮረብታው ላይ የቀሩት ሰባት ናቸው። አንዳቸውንም አላየሁም፤ የሰው ጸሎት እዚያ ድረስ ይድረስ አይድረስ አላውቅም። የማውቀው እስከዚያ እሑድ ድረስ ስንቆጥራቸው ስድስት እንደነበሩ ነው።

ውጭ ነፋሱ ይጋረፋል።

«አባባ፣ ካፖርትዎን ይልበሱ እንጂ!» አልኳቸው።

ክንዳቸው ላይ እንዳንጠለጠሉት ወደ ባቡሩ ሄዱ።